«ሀፒ» ማለት አያሳፍርም፦ ስለ ደስታ የእንግሊዝኛ ቃላት ተረትና እውነታ

«‹ቬሪ ሀፒ› የሕፃን እንግሊዝኛ ነው፤ የተማረ ሰው ‹ኤክስታቲክ› ይላል።» ይህን ምክር ያልሰማ የቦሌ ወጣት ማግኘት ይከብዳል። በቲክቶክ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሆኖ ይመጣል፤ በቴሌግራም ቻናሎች ደግሞ በሠንጠረዥ ተሠርቶ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። በግራ በኩል «ይህን አትበሉ»፣ በቀኝ በኩል «ይህን በሉ» ይላል። «ቬሪ ሀፒ» በግራ፣ «ኤክስታቲክ» በቀኝ። ከሥሩ «ቬሪ ታየርድ»፣ «ቬሪ ሳድ» እያለ ይወርዳል።

ላይ ላዩን ሲያዩት ጉዳት ያለው አይመስልም። ወጣት አዲስ ቃል ቢያውቅ ማን ይከፋዋል? እኔ ግን ጉዳቱን በወረቀት ላይ አይቼዋለሁ። ቦሌ ሥራ የሚፈለግበት ሰፈር ነው። ከኤርፖርቱ አንሥቶ በመድኃኔዓለም በኩል እስከ መገናኛ ድረስ ሆቴሉም፣ የጉዞ ወኪሉም፣ የውጭ ድርጅቱ ቢሮም አመልካችን በእንግሊዝኛ ይመዝናል። የዘመድና የጎረቤት ልጆች «እስቲ አንድ ጊዜ ይዩልን» እያሉ ማመልከቻቸውን ያመጡልኛል። ብዙዎቹ አሁን አሁን የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ሆኗል፦ «ለዚህ የሥራ መደብ ሳመለክት ኤክስታቲክ ነኝ።» ልጆቹ ትጉ ናቸው። የትምህርት ማስረጃቸው ደህና ነው፤ ሰዋስዋቸውም ብዙ አይነቀፍም። ያቺ የመጀመሪያ መስመር ግን የቀረው ገና ሳይነበብ ታስፈርድባቸዋለች። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ይህን አንድ እምነት ረዘም አድርጌ እመረምረዋለሁ። ሌሎቹን ትንንሽ ስሕተቶች ከዚያ በኋላ ባጭር ባጭሩ እናያቸዋለን።

ዋናው ተረት፦ «‹ኤክስታቲክ› የ‹ቬሪ ሀፒ› የተማረ ስሙ ነው»

እውነታው፦ ሁለቱ ቃላት የሚገልጹት የተለያየ ሁኔታ ነው። «ሀፒ» የሚለው ሰው ደስ ብሎታል። «ኤክስታቲክ» የተባለው ሰው ግን ደስታው ከራሱ አውጥቶታል፤ ይጮኻል፣ ይዘላል፣ ያለቅሳል፣ የማያውቀውን ሰው ያቅፋል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ሥሩን እንመልከት። ቃሉ የመጣው «ኤክስታሲስ» ከሚለው ግሪክኛ ሲሆን፣ ትርጉሙ ከራስ ውጭ መቆም ማለት ነው። አዲስ ኪዳን በመጀመሪያ በተጻፈበት ግሪክኛ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10፣ ጴጥሮስ በኢዮጴ ከተማ ሰገነት ላይ ሊጸልይ ወጥቶ ሳለ የመጣበት ነገር የተጠራው በዚሁ ቃል ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ተመስጦ» ብሎታል። ጴጥሮስ ሰማይ ተከፍቶ ያየው በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ነው። ቃሉ በዘመናት ብዛት ከመንፈሳዊ መመሰጥ ተነሥቶ ልክ ያለፈ ደስታን ወደ መግለጽ መጥቷል፤ ዛሬ አንድ እንግሊዛዊ ሲጠቀምበት ጴጥሮስን አያስብም። ከራስ የመውጣቱ ነገር ግን ከቃሉ ጋር አብሮ ኖሯል።

እኛም በራሳችን ቋንቋ የደስታን ደረጃ አሳምረን እናውቃለን። «ደስ አለኝ» እንላለን፤ «ተደሰትኩ» እንላለን። ከፍ ሲል «ሐሴት አደረግኩ»፣ «ልቤ ፈነደቀ»፣ «ፈነጠዝኩ» እንላለን። ጫፉ ላይ «ጮቤ ረገጥኩ» አለ። ይህን ቅደም ተከተል ማንም ክፍል ውስጥ አላስተማረንም። ሆኖም «የሥራ ማስታወቂያችሁን አይቼ ጮቤ ረገጥኩ» ብሎ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሚጽፍ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ቃሉ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ቦታው ስላልሆነ ነው። «ኤክስታቲክ ነኝ» ብሎ የሚጀምር ማመልከቻ በእንግሊዝኛ አንባቢ ጆሮ የሚሰማው ልክ እንዲህ ሆኖ ነው። አንባቢው ከሁለት አንዱን ይጠረጥራል፦ ወይ ጸሐፊው የቃሉን ክብደት አያውቅም፣ ወይ የሚናገረው ስሜት እውነተኛ አይደለም። ሁለቱም ጥርጣሬ ሥራ አያስገኝም።

ቃሉ በቦታው ሲውል ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አመሻሹ ላይ በአዲስ አበባ ስታዲየም የነበረውን ሕዝብ ያስታውስ። ዋልያዎቹ በሜዳቸው ሱዳንን 2 ለ 0 አሸነፉ። የመጀመሪያውን ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸንፈው ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳ ውጭ ባገቧቸው ግቦች ብልጫም ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ግብ ሲያስቆጥሩ ስታዲየሙ የሆነውን ለሚጽፍ የእንግሊዝኛ ጋዜጠኛ «ኤክስታቲክ» ትክክለኛው ቃል ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው ከራሱ ቢወጣ ያምርበታል። ገና ለቃለ መጠይቅ ያልተጠራ አመልካች ግን ከራሱ የሚያስወጣ ነገር አልገጠመውም።

«ሀፒ» የሕፃን ቃል ነው?

የዚህ ተረት ሁለተኛ ክንድ ቀላሉን ቃል ማዋረድ ነው። «ሀፒ» «ሀፕ» ከሚል፣ ዕድል ማለት ከሆነ አሮጌ ቃል የወጣ ነው፤ በመጀመሪያ የተጠቀሙበት ሰዎች ዕድለኛ ለማለት ነበር። ዛሬ ከእንግሊዝኛ ተዘውታሪ ቃላት አንዱ ነው። የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ እ.ኤ.አ. በ1776 ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ ከፈጣሪው ካገኛቸው መብቶች መካከል ሕይወትንና ነጻነትን ከጠቀሰ በኋላ ሦስተኛውን የጠራው ከዚሁ ከ«ሀፒ» በወጣው ስም ነው። አዋጁን የጻፉት ሰዎች ሌላ ቃል አጥተው አልነበረም። ደራሲው ጆርጅ ኦርዌልም እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ፖለቲካና እንግሊዝኛ ቋንቋ በጻፈው ድርሰቱ፣ አጭር ቃል በሚበቃበት ቦታ ረጅም ቃል እንዳይገባ አጥብቆ መክሯል።

እንግዲህ «ቬሪ»ን የማሳደድ ምክር ከየት መጣ? በዓለም ላይ በሰፊው ከተሰማባቸው መድረኮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው «ዴድ ፖየትስ ሶሳይቲ» የተሰኘው ፊልም ነው። ሮቢን ዊልያምስ የሚጫወተው መምህር ኪቲንግ፣ «ቬሪ» ሰነፍ ቃል ስለሆነ እንዲርቁት ተማሪዎቹን ይመክራል። ምክሩ በዚያ ክፍል ውስጥ ልክ ነው። ተማሪዎቹ እንግሊዝኛን ከእናታቸው ጋር ያወሩ አሜሪካውያን ናቸው፤ የትኛው ቃል የት እንደሚከብድ ጆሯቸው ያውቃል፤ መምህራቸውም ግጥም እንዲወዱ እያደረጋቸው ነው። ያንኑ ምክር ከግጥም ክፍሉ አውጥቶ፣ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ብቻ ለተማረ ልጅ ማመልከቻ ማዛወር መጠኑን ሳይናገሩ መድኃኒት እንደ መሸጥ ነው። በዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሠንጠረዡን የሚያዞሩት ብዙዎቹ ገበያ እንጂ ማስተማር አይፈልጉም። «አንድ ሺህ የላቀ ቃል» ብለው ይሸጣሉ፤ አንዱም ቃል ከማን ጋር፣ በምን ጉዳይ፣ በምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚነገር አይናገሩም። የሚከፍለው ተማሪ ነው፤ መጀመሪያ በገንዘቡ፣ ኋላም በማመልከቻው።

ምክሩ ውስጥ ያለው እውነት

ፍትሐዊ ለመሆን ግን እምነቱ ያለ ምክንያት እንዳልተነሣ መቀበል አለብኝ። በአንድ ገጽ ላይ «ቬሪ ሀፒ» አምስት ጊዜ ሲደጋገም ጽሑፉ ይደርቃል። ፈተናውም ይህን ያያል። ለውጭ ትምህርትና ለስደት ጉዳይ ብዙዎቻችን የምንፈተነው አይልትስ የጽሑፍና የንግግር ክፍሎቹን እያንዳንዳቸውን በአራት መመዘኛ ሲያርም አንዱ መመዘኛ የቃላት ሀብት ነው። ከፍ ያለ ውጤት የሚሹ ተፈታኞችም እምብዛም የማይዘወተሩ ቃላትን መጠቀም ይጠበቅባቸዋል። «ሀፒን ተውና ሌላ ፈልግ» የሚለው ምክር አንድ እግሩን የተከለው እዚህ ላይ ነው። ሆኖም ያው መመዘኛ ቃሉ ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚሄድና ለየትኛው የአጻጻፍ ስልት እንደሚስማማ ማወቅንም አብሮ ይመዝናል። ያለ ቦታው የገባ ትልቅ ቃል ውጤት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው ከራሳችን ባህል የሚመጣ ነው። የአማርኛ የቢሮ ደብዳቤ ከፍ ባለ ቃል ይጻፋል። «የተሰማኝን ታላቅ ደስታ በከፍተኛ አክብሮት እገልጻለሁ» ብንል ማንም አይገረምም፤ እንዲያውም እንዲህ ካልጻፍን ያቃለልን ይመስላል። ልጁ በዚህ ወግ አድጎ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር፣ የ«ታላቅ ደስታ»ን ቁመት የሚያህል ቃል ይፈልጋል፤ ሠንጠረዡም «ኤክስታቲክ»ን ያቀብለዋል። የእንግሊዝኛ የቢሮ ደብዳቤ ግን ደስታን የሚናገረው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። ሠራተኛ መቅጠሩን የሚያበስር ድርጅት «ፕሊዝድ» ነን ይላል፤ ቢበዛ «ዲላይትድ»። ስለዚህ በደብዳቤ ውስጥ የ«ታላቅ ደስታ» እኩያ ያቺ ትንሽ የምትመስለው «ፕሊዝድ» ናት። ይህን ወግ ማወቅ ከመቶ ቃል በላይ ይጠቅማል።

ኤርፖርቱ የሚያስተምረን

«ትልቅ ሥራ ትልቅ ቃል ይፈልጋል» ለሚል ሰው መልሱ እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ አለ። ቦሌ ኤርፖርት ላይ በየቀኑ የሚነገረው እንግሊዝኛ በሰው ሕይወት ላይ የሚወስን እንግሊዝኛ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የቋንቋ ችሎታን ከ1 እስከ 6 ደረጃ አውጥቶለታል። ከመጋቢት 2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠራ አብራሪና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ቢያንስ ደረጃ 4 እንዲኖረው ይጠይቃል። መመዘኛዎቹ ስድስት ናቸው፦ አነባበብ፣ የዐረፍተ ነገር አወቃቀር፣ የቃላት ሀብት፣ ቅልጥፍና፣ መረዳትና መመላለስ። በቃላት በኩል ደረጃ 4 የሚፈልገው ስለ ሥራው ጉዳይ በሚገባ መግባባትንና፣ ቃል ሲጠፋ ነገሩን በሌላ አነጋገር መግለጽ መቻልን ነው። ብርቅ ቃል መደርደርን የሚጠይቅ ነገር የለበትም።

አውሮፕላን የሚጠግነው ቴክኒሻንም ከዚህ የተለየ አይገጥመውም። የአቪዬሽን ኢንዱስትሪው ለጥገና መመሪያዎች ብሎ ያዘጋጀው ቀለል ያለ ቴክኒካዊ እንግሊዝኛ አለ። መዝገበ ቃላቱ የፈቀዳቸው አጠቃላይ ቃላት 900 ያህል ሲሆኑ፣ አንድ ቃል በአንድ ትርጉም ብቻ እንዲሠራበት ያዝዛል። ይህን ያወጡት የኢንዱስትሪው ሰዎች እንግሊዝኛ አጥተው አይደለም። አንባቢያቸው በየአገሩ ያለ፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው የሆነ ባለሙያ መሆኑን ስላወቁ ነው።

የቃል ክብደት ሲዛባ ምን እንደሚመጣም አቪዬሽን በመራራ መንገድ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1990 ከኮሎምቢያ ወደ ኒው ዮርክ የሚበር የአቪያንካ አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ፤ 73 ሰዎች ሞቱ። አብራሪዎቹ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ተናግረዋል፤ ቅድሚያም ጠይቀዋል። የድንገተኛ አደጋ ጥሪ መሆኑን የሚያሳውቀውን ቃል ግን አልተናገሩም፤ ተቆጣጣሪዎቹም የችግሩን ልክ አልተረዱም። እዚያ ቃሉ ከሁኔታው አነሰ፤ በልጆቻችን ማመልከቻ ደግሞ ከሁኔታው ይበልጣል። ጉዳታቸው በፍጹም አይተካከልም፤ ሕጉ ግን አንድ ነው፦ ቃል የሚሠራው ክብደቱ ከነገሩ ክብደት ጋር ሲመጣጠን ነው።

ከማመልከቻው የሚብሰው

የተበላሸ ማመልከቻ ሌላ ጊዜ ይታረማል። የከፋው ጉዳት ዝምታ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርትነት፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ በማስተማሪያነት አስቀምጦታል። ስለዚህ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ባዮሎጂና ታሪክ በእንግሊዝኛ አንብቦ ነው የሚወጣው። «ሀፒ»ን፣ «ግላድ»ን፣ «ጉድ»ን ያውቃል። የዕለት ተዕለት ንግግርን የሚሸከሙት እነዚህ ቀላል ቃላት ናቸው፤ ተዘውታሪዎቹ 2000 ቃላት ከአንድ መደበኛ ጽሑፍ ከ10 ቃል 8 ያህሉን ይሸፍናሉ። ሠንጠረዡ ግን ይህን ልጅ «የምታውቀው ያሳፍራል» ይለዋል። ልጁም እንግዳ ፊት ሲቆም «ሀፒ» ለማለት ያፍራል፣ «ኤክስታቲክ» ለማለት አይደፍርም፤ በመጨረሻም ፈገግ ብሎ ዝም ይላል። እንዲህ ዝም ያሉ ብዙ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ። የነበራቸውን ቃል የነጠቃቸው ሰው አስተማሪ ሊባል አይገባውም።

ትንንሾቹ ተረቶች

ተረት፦ «ቬሪ» በየትኛውም ቃል ፊት ይገባል። እውነታው፦ «ቬሪ» ደረጃ ካለው ቃል ጋር ይሄዳል፤ «ቬሪ ሀፒ»፣ «ቬሪ ግላድ»፣ «ቬሪ ፕሊዝድ» ሁሉም ትክክል ናቸው። «ኤክስታቲክ» እና «ኦቨርጆይድ» ግን ጫፍ ላይ የደረሱ ስለሆኑ «ቬሪ» አይጨምርላቸውም። ማጠንከር ያስፈለገው «አብሶሉትሊ» ይበል። «ሪሊ» ከሁለቱም ወገን ጋር ይስማማል። «ቬሪ ዲላይትድ» ግን አከራካሪ ነው፤ ከአፍ መፍቻ ተናጋሪዎች አንዳንዱ ይለዋል፣ አንዳንዱ ይሸሸዋል። እኔም ስሕተት ነው ብዬ አልፈርድበትም።

ተረት፦ «ኤክሳይትድ» እና «ኤክሳይቲንግ» አንድ ናቸው። እውነታው፦ በአማርኛ «የሰለቸው» እና «አሰልቺው» እንደሚለያዩት ይለያያሉ። ስሜቱ የተሰማው ሰው «ኤክሳይትድ» ነው፤ ስሜቱን ያመጣው ነገር «ኤክሳይቲንግ» ነው። «አይ አም ኤክሳይቲንግ» ያለ ሰው «እኔ ሰውን የማነቃቃ ነኝ» ብሎ ራሱን አመሰገነ። «አይ አም ቦሪንግ» ያለ ደግሞ «አሰልቺ ነኝ» አለ። በቃለ መጠይቅ ላይ ሁለቱም ይጎዳሉ።

ተረት፦ «ቱ ሀፒ» ማለት በጣም ደስተኛ ማለት ነው። እውነታው፦ «ቱ» ከልክ ማለፍን ያመለክታል፤ የሚከተለውም ብዙውን ጊዜ ያ ልክ ማለፍ ያስከተለው ችግር ነው። «በጣም» ለማለት «ቬሪ» ወይም «ሶ» ይበቃል።

ተረት፦ «ኤክስታቲክ» እና «ኤክስታሲ» ተለዋዋጭ ናቸው። እውነታው፦ ይህን ለመንገደኛ ሁሉ እነግራለሁ። «ኤክስታሲ» ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በብዙ አገር የተከለከለ የአደንዛዥ ዕፅ ክኒን መጠሪያም ሆኗል። አማርኛችን «ደስታ አለኝ» ስለሚል ቃል በቃል ሲተላለፍ «አይ ሃቭ ኤክስታሲ» ይሆናል። በየትኛውም ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ይህ ዐረፍተ ነገር የዕፅ ክኒን ይዣለሁ ማለት ነው። በጉዞ ላይ «አይ አም ሀፒ» በሉ።

ተረት፦ መዝገበ ቃላት ላይ «ደስተኛ» የተባለ ቃል ሁሉ ዛሬም ይሠራል። እውነታው፦ ቃላት ይለወጣሉ። «ጌይ» በቆዩ መጻሕፍት ደስተኛ፣ ፍልቅልቅ ማለት ነበር፤ ዛሬ አንባቢ መጀመሪያ የሚረዳው ከተመሳሳይ ፆታ ጋር ያለን ዝንባሌ ነው። የምትጠቀሙበት መዝገበ ቃላት መቼ እንደታተመ ተመልከቱ።

ተረት፦ «ሀፒ» ከየትኛውም መስተዋድድ ጋር ይሄዳል። እውነታው፦ ሌላው ሰው መልካም ሲገጥመው «ሀፒ ፎር ዩ» ይባላል። በአገልግሎት ወይም በዕቃ ለረካ «ሀፒ ዊዝ» ነው። ስለ ዜና ወይም ስለ ሁኔታ ሲሆን «ሀፒ አባውት»።

ተረት፦ ለምረቃ «ኮንግራቹሌሽን» ይባላል። እውነታው፦ ሁልጊዜ በብዙ ቁጥር «ኮንግራቹሌሽንስ» ነው። ይህን በየኬኩና በየባነሩ ላይ የምትጽፉ ባለሙያዎች አንድ ፊደል ጨምሩበት።

ተረት፦ ፈረንጅ ሁሉ «ኦቨር ዘ ሙን» ይላል፣ ስለዚህ የትም ይገባል። እውነታው፦ የወዳጅ ወሬ ነው፤ ከጨዋታ በኋላ የእግር ኳስ ተጫዋች አፍ ላይ ያምራል፣ ደብዳቤ ላይ አይገባም።

ታዲያ የቱን ልጠቀም?

ለሥራ ስታመለክቱ ስለ ስሜታችሁ ከመናገር ስለ ችሎታችሁ ተናገሩ። «ለዚህ መደብ ለማመልከት እጽፋለሁ» የሚል ቀጥተኛ መክፈቻ በቂ ነው። ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ «ፕሊዝድ» ወይም «ግላድ» በሉ። ግብዣ ስትቀበሉ «ዲላይትድ» ያምራል። ሥራውን አግኝታችሁ ለወዳጆቻችሁ ስታበስሩ «ትሪልድ» ማለት ትችላላችሁ፤ በሊንክድኢን ላይ እንዲህ ማብሰር የተለመደ ሆኗልና አይነቀፍም። የጠፋ ወንድም ሲገኝ፣ የታመመች እናት ስትድን «ኦቨርጆይድ» ቃሉ ነው። «ኤክስታቲክ»ን ጮቤ ለሚያስረግጥ ቀን አስቀምጡት። የቱ እንደሚስማማ ካልታወቃችሁ «ቬሪ ሀፒ» በየትኛውም ቦታ አያሳፍራችሁም።

ቋንቋ ሕያው ነውና ይህ ሁሉ ለዘላለም አይጸና ይሆናል። «ቴሪፊክ» አስፈሪ ማለት ነበር፤ ዛሬ ግሩም ማለት ሆኗል። «ኤክስታቲክ»ም አንድ ቀን ከአገልግሎት ብዛት ለስልሶ በደብዳቤ ላይ የሚገባ ቃል ሊሆን ይችላል። ማመልከቻው የሚነበበው ግን ዛሬ ነው።

የቋንቋ ቻናል የምታዘጋጁ ወገኖች፣ ተከታዮቻችሁ ያምኗችኋል። አንድ ቃል ስታስተምሩ የሚነገርበትን ቦታ፣ የሚነገርለትን ሰውና የማይገባበትን ጽሑፍ አብራችሁ አስተምሩ፤ ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ሠንጠረዡን አታሠራጩ። እናንተ ተማሪዎችም አዲስ ቃል ስታገኙ ከመጠቀማችሁ በፊት ሦስት የተለያዩ ሰዎች በጻፉት ጽሑፍ ውስጥ ፈልጉት፤ ምን ሲገጥማቸው እንደተጠቀሙበት እዩ። እስከዚያው በምታውቁት ቃል ሳታፍሩ ተናገሩ። በትክክል የተነገረ «ሀፒ» ያለ ቦታው ከገባ «ኤክስታቲክ» ይበልጣል።